የኮንሰርቱ ሁለተኛ ግማሽ

ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ የዳነውን እየሞከርኩ ነው የለመድኩት። ጃዝንም ያገኘሁት እንደዚያው ነው፤ የአንድ ደንበኛ ሬዲዮ አጭር ሞገዱን መያዝ አለመያዙን ሳይ። ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ አንድ የውጭ ጣቢያ ለአንድ ሰዓት ጃዝ ያሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ሥራ አልቀበልም። በከተማው ውስጥ ይህን ሙዚቃ የሚከታተል ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

አባቴ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጣቢያው የአንድ ኮንሰርት የመጀመሪያ ግማሽ አሰማ። መጨረሻው ላይ ፒያኖው አቆመ፣ ድራሙ አቆመ፣ ሳክስፎኑ ብቻውን ቀረ። አስተዋዋቂው እንግሊዝኛዬ በፈቀደልኝ መጠን እንደገባኝ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ቅዳሜ አለ። እነዚህ ሰዎች እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ ነው የሚጫወቱት፤ የዚያን ምሽት ጨዋታ እነሱ ራሳቸው እንኳ ሊደግሙት አይችሉም። ካመለጠኝ አመለጠኝ።

አባቴን ሐሙስ ቀበርነው። ቅዳሜ ሠልስቱ ነበር። እናቴ የቤቱን ሬዲዮ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች፤ በሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፣ ጎረቤቱም ለእኛ ብሎ ዘግቷል። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ በሚጫወቱ ሰዎች መሃል ተቀምጬአለሁ። አላለቀስኩም። በቀብሩም ላይ አላለቀስኩም። ሴቶቹ ይህን አይተዋል፤ አክስቴ ለእናቴ፣ «ይሄ ልጅ እንዳይታመም፤ እንባው ውስጡ ቀርቷል» ስትላት ሰምቻለሁ። እኔ ግን ውስጤ እንባ መኖሩ አልታወቀኝም። የታወቀኝ ነገር ቢኖር ሰዓቱ አሥር ተኩል ማለፉ ነው።

ተነሣሁ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይለቀቅምና ከሱቄ አጠገብ ሻይ የሚሸጠው ጎረቤቴ ተከተለኝ። የጅማ ሰው ነው፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህል።

«ወዴት ነው?»

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ፣ ጋሼ።»

«ሱቅ ምን አለ?»

«ሬዲዮ።»

አብረን ሄድን። ቁልፉን ስከፍት፣ «ዜና ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ሙዚቃ።»

«ያ ረቢ! በሠልስት? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«ዝቅ አድርጌ ነው።»

ግራ ቀኙን አየ። «ዘፋኝ አለው?»

«የለውም። መሣሪያ ብቻ ነው።»

«ዘፋኝ ከሌለውማ ዘፈን አይደለም። ወላሂ፣ አይደለም። ግባ።» መዝጊያውን ከውጭ ገጠመና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

የአንቴናውን ሽቦ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር አገናኘሁ። ሳክስፎኑ ካቆመበት ቀጠለ፣ ሳይቸኩል፣ ብቻውን ብዙ ቆየ። ከዚያ ባሱ ገባ። ድራም መቺው ቆዳውን በዱላ ሳይሆን በብሩሽ ይጠርገው ነበር። ሞገዱ ሲሸሽ ማዞሪያውን በጥፍሬ እየነካሁ መለስኩት። ፒያኖው የሳክስፎኑን የመጨረሻ ሦስት ድምፆች ገልብጦ መለሰለት፤ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ይህን ሁሉ ሰማሁ። ጥሩ እንደሆነም አወቅኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፀጉሬ ይቆም ነበር። ያን ቀን ግን የሰማሁት የተጠገነ ዕቃ እንደምሞክር ሆኜ ነው፤ ይሠራል፣ አልኩና ቀጠልኩ።

ከውጭ አንዲት መንገደኛ፣ «ምንድን ነው የሚያንቋርረው?» ስትል ሰማሁ።

«የተበላሸ ሬዲዮ ነው» አላት ጎረቤቴ።

«እኔን! ምነው ታዲያ ዝም አያሰኙትም?»

«ጠጋኙን አቅቶት ነው። ሂጂ፣ እናቴ፣ ሂጂ።»

ጭብጨባው ሲያበቃ ዘጋሁት። በሩን ስከፍት ቀና ብሎ ፊቴን አየ።

«እሺ፣ ቀለለህ?»

«እኔ እንጃ።»

«ግዴለም» አለኝና ልብሱን አራግፎ ተነሣ።

ድንኳኑ በር ላይ አክስቴ ቆማ ጠበቀችን። «የት ወስደውት ነው?» አለችው። እኔ አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ተዉት። ሱቁን ዘግቶ ብቻውን አልቅሶ ነው የመጣው። እኔ በር ላይ ነበርኩ።»

«ተመስገን» አለች። ወሬው ወዲያው ሴቶቹ ጋ ደረሰ። እናቴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ግንባሬን ዳሰሰችው።

«ወጣልህ፣ ልጄ?»

ከሐሙስ ወዲህ ፊቷ እንዲያ ሲፈታ አላየሁም። «አዎ» አልኳት። እጄን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። ተጫዋቾቹ ካርታቸውን አስቀመጡ። እኔም እስክትጨርስ እጇን አልለቀቅኩም።