ጫካ ያሉት ትንንሾች

እኛ ቤት «ጫካ» ማለት ግራቪሊያው ነው፤ አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ በባምባሲ መንገድ የተከለው ዛፍ። እኔ በዛፎቹ መሀል ሣር ዘራሁበት፤ በአጥር ከፋፍዬ ላሞቹን በየተራ አስግጣለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስመለስ «ላም ዛፍ ትጨርሳለች» ያሉኝ ሁሉ ዛሬ ወተት ሊገዙ ይመጣሉ። ዛፉ ለጣውላ እስኪደርስ ቤቱን የሚያቆመው ወተቱ ነው። ሌላ ግጦሽ የለንም። እሱ ከተዘጋ ላሞቹን መሸጥ ነው።

ለሌላው ሰው ግን «ጫካ» ሌላ ነው። እከሌ ጫካ ነው ከተባለ መሣሪያ ይዟል ማለት ነው።

ይህን እያወቅኩ ወተት ጭኜ ወደ አሶሳ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ስልክ አነሳሁ። ወንድሜ ነው፤ ትንንሾቹ የት ናቸው ይላል።

«ጫካ ናቸው። ወተት አድርሼላቸዋለሁ፣ ማታም እወስድላቸዋለሁ።»

ኬላው ላይ መቆማችንን አላየሁም። ሚሊሻው አንገቱን አስገባ። ጠና ያለ የበርታ ሰው ነው፤ በአማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ሴቷንም «አንተ» ነው የሚለኝ።

«አንተ፣ ውረድ። ማነው ጫካ ያለው?»

«ጥጃዎች ናቸው።»

«አሁን ደግሞ ጥጃ አላችሁት?»

ሹፌሩ ሳቀ። ሚሊሻው ሲያየው ተወው።

«አባባ፣ ጥጃ ማለት ጥጃ ነው። የላም ልጅ።»

«እሺ፣ አሳየኝ።»

በዚያው ባጃጅ ተመለስን። ወተቱ ፀሐይ ላይ ነው፤ ካረፈደ ወተት ቤቱ አይቀበለኝም። እኔ ግን ማን ጠቆመብኝ እያልኩ አስብ ነበር። ስልክ ብቻ ሰምቶ ይሄን ያህል መንገድ ይመጣል? ሣር ለምኖኝ የከለከልኩት ጎረቤታችን ሰሞኑን ሰላምታ አብዝቶ ነበር።

ጥጃዎቹ ዛፍ ሥር ተኝተዋል። ሲያዩን ተነሥተው የሚሊሻውን ጣት ይጠቡ ጀመር። በዚህ ያለቀ መሰለኝ። እሱ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ መጨረሻው አጥር ጋ ቆመ። ሦስት ጉልቻ፣ መሀሉ አመድ።

«ይሄስ?»

እኔ እዚያ እሳት አላነድም። በደረቅ ቅጠል ላይ የቱ ጤነኛ ያነዳል? አላውቅም ብል ግን የታጣቂ ማደሪያ ነው ተብሎ ቦታው ይዘጋል፤ ላሞቹም አበቃላቸው።

«የእኔ ነው። ሻይ አፍልቼበት።»

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

ጎንበስ ብሎ መዳፉን አመዱ ላይ አሳረፈ፤ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ባጃጁ ሄደ። ፊቱን ሲያዞር እኔም ነካሁት። ይሞቃል።

ወተቱ ለጥቂት ተረፈ። ላሞቹም እዚያው ይግጣሉ፤ ጥጃዎቹን ግን ሳይመሽ ቤት አስገባለሁ። ጎረቤታችንን ማን አድሮ ይሆን ብዬ ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ» አለኝ፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ። መፍጠኑን አልወደድኩትም።

የሚሊሻው ዝምታ ግን ይብሳል። መዋሸቴን በእጁ አውቋል፤ ለማንም አልተናገረም። ለምን? አዝኖልኝ ነው? ወይስ እዚያ ያደሩትን እሱ ያውቃቸዋል? አሁን ኬላ ስደርስ የሌላውን ሁሉ ዕቃ ይፈትሻል፣ ጆንያ ያስፈታል። የእኔን ጀሪካን አይነካም፤ የኬላውን ገመድ ዝቅ አድርጎ «ሂድ» ይለኛል። ከፍቶ ቢያየው ይሻለኝ ነበር።