ለትንሿ ተሳቢ የሚሆን ፒክአፕ

ዴስ ፒከሪንግ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የስንዴ መኪና የነዳ ሰው ነው። ከኒል ከተማ ጎተራ እስከ ወደቡ ድረስ ያለውን መንገድ ከነጉድጓዱ በቃሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው አንዲት ፒክአፕ ለመምረጥ ስድስት ሳምንት ሲፈጅበት ከተማው ባይስቅ ነበር የሚገርመው። በየጠዋቱ ሎርና መኪና መሸጫ ይሄዳል፤ ኮፈን ያስከፍታል፤ በሰባ አንድ ዓመቱ ጀርባውን ሣር ላይ አስተኝቶ ከሥር ይገባል፤ ባሌስትራውን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ያዳምጣል። ከዚያ ፀጉሩ ላይ ሣር ይዞ ይወጣና አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ዴስ፣ ልትገዛት ነው ወይስ ልታገባት?» አለችው ሎርና አንድ ቀን ከቢሮዋ በር ላይ ሆና። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለሚያውቃት አታፍረውም።

«ዝም በይ አንቺ! አባትሽ ቢሆን ቡና ያቀርብልኝ ነበር።»

«አባቴ ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት ያባርርህ ነበር።»

የሚፈልገውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ትንሽ መኝታ፣ ትንሽ ምድጃና አንድ መስኮት ያላት ተሳቢ ቤት ለእሱና ለሚስቱ አለቻቸው፤ እሷን ጎትቶ በረሃማውን የናላርቦር ሜዳ አቋርጦ ኤስፐራንስ የባሕር ዳርቻ የሚያደርስ መኪና ነው የሚፈልገው። ቤት የሚያክሉት ትልልቆቹ አያስፈልጉም፤ ናፍጣ ይጨርሳሉ፣ ማቆሚያም የላቸው። ትንንሾቹ ደግሞ ዳገት ላይ ያለከልካሉ። መካከለኛ ይሁን፣ ናፍጣ ይሁን፣ በቃ። ሻጮች ሁሉ «ሦስት ቶን ተኩል ይጎትታል» እያሉ አፋቸውን ሞልተው ሲያወሩ ዴስ ይስቃል። መጎተትማ ይጎትታል። ግን ተሳቢዋ በመጎተቻው ላይ የምትጫነው ክብደት አለ፤ ውሃው አለ፣ ናፍጣው አለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ያ ሁሉ ተደምሮ የኋላ ጎማ ላይ ሲያርፍ የፊቱ ይቀላል፤ የፊቱ ሲቀል መሪው አይታዘዝም። ይህን የማያውቅ ሰው ገደል ውስጥ ሆኖ ነው የሚማረው ይል ነበር ዴስ፤ እውነቱንም ነው።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። ነጯ በእጅ ማርሽ የምትሠራ፣ ባሌስትራዋ ድንጋይ፣ ፍሪሲዮኗ ጠጣር፣ የጭነት መኪና ሽታ ያላት ናት። ሰማያዊቷ አውቶማቲክ ናት፤ ሰፋፊ ስፖኪዮ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ወንበር፣ ከኋላ ካሜራ ሁሉ አላት። በጉልበት እኩያሞች ናቸው። ዴስ ግን ሰማያዊቷን ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። «ይቺ ራሷ ትንዳኝ እንጂ እኔ ምን እሠራባታለሁ?» ይላል።

ሎርና በዚህ ትስቃለች። ዴስ ግን ለቀልድ አልነበረም የሚለው። እሱ የሚያውቀውን ቢያውቅ ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር።

ከሁለት ወር ተኩል በፊት፣ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ሲሞላው፣ ሐኪሙ ሁለት ነገር ነግሮታል። አንደኛው፣ «ለመሄድ ያሰባችሁት ጉዞ ካለ ዘንድሮ ሂዱ፤ ሌላ ዓመት እግርህ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እንዲህ እንደልቡ ላይሄድ ይችላል።» ይህን ለሚስቱ ለግሌኒስ ነገራት፤ እሷም አለቀሰችና ዓይኗን ጠርጋ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሁለተኛው፣ «ለገበያ በቀን ንዳ፤ ተሳቢ ግን ከእንግዲህ አትጎትትም።» ይህን ዋጠው። ከሐኪሙ ቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዋጠው፤ እስከ ዛሬም ጉሮሮው ላይ ነው።

ለምን ዋጠው? ግሌኒስ ተሳቢ ጎትታ አታውቅማ! የማታውቀውም በማን ጥፋት እንደሆነ ያውቃል። ያኔ፣ ሁለቱም ሠላሳ ሳይሞላቸው፣ በመከር ሰሞን ሹፌር ጠፍቶ ሳለ «እኔን አስተምረኝና እኔ ልንዳልህ» ብላው ነበር፤ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት። እሷ ያኔ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ዴስ ደግሞ ቢራውን ከፍ አድርጎ፣ «የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ የዳቦ ምድጃ አይደለም!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም። አርባ ዓመት ሙሉ እሱ ሲነዳ እሷ ከጎኑ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለታለች። እንግዲህ አሁን ምን አፍ ኖሮት «አንቺ ንጂ» ይበላት? ባይናገር ጉዞው አለ፤ ቢናገር ጉዞው ይቀራል መሰለው። ስለዚህ ነጯን ወደደ። ነጯን መምረጥ ማለት የምነዳው እኔ ነኝ ማለት ነበር። ሰው በእልህ የሚሠራውን ጥፋት ማን ይቆጥረዋል!

ቅዳሜ ጠዋት ግሌኒስ «ተሳቢዋን ጎተራው ጋ ወስደን ሳናስመዝን አንዲት ሳንቲም አትከፍልም» አለች። ኒል ውስጥ በግ የጫነም፣ ገለባ የጫነም፣ ሊጓዝ የተነሣም ሁሉ የሚመዘነው በጎተራው ሚዛን ነው። ዴስ ተቆጣ። «እኔ በዓይኔ አይቼ ከሃያ ኪሎ በላይ ሳልሳሳት እነግርሻለሁ! ደግሞ ክብደት ካለም ያንቺ ድስት ነው።»

«ድስቴን ተወውና ና ውጣ» አለችው።

ሎርና ነጯን ለሙከራ ሰጠቻቸው፤ ተሳቢዋን ሙሉ ጭነቷን እንዳለች አያያዟት። እስከ ጎተራው ድረስ ዴስ ደህና ነዳ፤ እንዲያውም ያፏጭ ነበር። ሚዛኑ ላይ ግን ሥራው ስስ ነው፤ ፒክአፗ አልፋ መውጣት፣ ተሳቢዋ ብቻዋን ብረቱ ላይ መቅረት፣ እዚያው ላይ መቆም አለበት። ፒክአፗ አለፈች። ዴስ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ግራ እግሩን አዘዘ። እግሩ አልተነሣም። ወለሉ ላይ የተሰፋ ይመስል ንቅንቅ አላለም። በቀኝ እግሩ ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩ ተንገጫገጨ፤ እጁ ደንግጦ መሪውን ወደ ግራ ሳበው። ከኋላ የቆርቆሮ ጩኸት ተሰማ፤ ተሳቢዋ የሚዛኑን የጎን መከላከያ ብረት ታክካ ጎኗ ተቀደደ። ሞተሩም ጠፋ።

ምንም ያላየው መዛኝ በድምፅ ማጉያው፣ «ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ኪሎ! ዴስ፣ ወረቀቷ ከሺህ አራት መቶ አታሳልፉኝ እያለች ምንድን ነው የጫንክባት፣ ድንጋይ ነው?» አለ። የግሌኒስ ድስት ሦስት ኪሎ አይሞላም። የቀረው የዴስ የመፍቻ ሣጥን፣ ሁለት ክሪክ፣ ትርፍ ባሌስትራና ሰንሰለት ነበር።

ጋቢናው ውስጥ ማንም አልሳቀም። ግሌኒስ እግሩን ታያለች። እሱ መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት ያያል።

«ፍሪሲዮኑ ጠጣር ነው» አለ።

«ዴስ።»

«ጠጣር ነው አልኩሽ እኮ!»

«ዴስ፣ እኔን እየኝ።»

አያት። ያን ጊዜ ጉሮሮው ላይ የቆየው ሁሉ ወጣ። «ሐኪሙ ተሳቢ አትጎትትም ብሎኛል።»

«መቼ?»

«ያን ቀን። ከሁለት ወር ተኩል በፊት።»

ግሌኒስ ደሟ ፈላ። «ሁለት ወር ተኩል! አንድ አልጋ ላይ እየተኛን! እኔን ከጎንህ አስቀምጠህ ያን ሁሉ በረሃ ልታቋርጥ? ልትገድለኝ ነበር እኮ አንተ ሰውዬ!»

«ብነግርሽ ጉዞው ይቀራል ብዬ ነው።»

«ለምን ይቀራል?»

«ማን ሊነዳ ነው ታዲያ?»

ግሌኒስ ወደ እሱ ዞረች። ዴስ የተናገረው ነገር ለራሱ ተሰማው። ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ አንድ ነገር ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሷ ግን ቀደመችው። «ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እጅ አለኝ፣ እግር አለኝ። ሁለቱም ይታዘዙኛል።»

ካፏ እንደወጣ ቆጫት። ግን አልመለሰችውም።

ዴስ እጆቹን ከመሪው አነሣ። «ያኔ መጠጥ ቤት ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?»

«እንዴት ልርሳው።»

«ይቅር በይኝ።»

«አስብበታለሁ» አለችና በሩን ከፍታ ወረደች። በፒክአፗ ዙሪያ ዞራ መጥታ በእሱ በኩል ያለውን በር ከፈተች። «በል ውረድ።»

ግሌኒስ በዝግታ እየነዳች ሎርና ጋ መለሰቻቸው፤ ከነጯ ከወረደች በኋላ ዘወር ብላም አላየቻትም። ሰማያዊቷ ላይ ወጣች። አጭር ናት፤ ወንበሩን ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አድርጋ አፍንጫዋ ከመሪው በላይ ሲደርስ ቆመች። ዴስ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ያላሰበውን ሥራ ጀመረ። ወደ ግራ ሄዶ፣ «ታይኛለሽ?» ወደ ቀኝ ሄዶ፣ «አሁንስ?» ጎማው ጋ ቁጢጥ ብሎ፣ «አሁን?» ይላታል። ስትመልስለት፣ ስፖኪዮውን ስታስተካክል፣ ጉልበቷ ሳይወጣጠር ፍሬኑን ስትረግጥ ሲያይ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ለማን እንደሚገዛ ሳያውቅ ሲመርጥ እንደኖረ ገባው። አፈረ። «ይቺ ናት» አላት ሎርናን። «ለሷ ልኳ ይቺ ናት።»

«ተመስገን!» አለች ሎርና። «አሁን ሣሬ ሊበቅል ነው።»

የመፍቻ ሣጥኑ ወረደ፤ አንድ ክሪክ ብቻ ቀረ። የተቀደደው ጎን ተጠገነ። ለሦስት ሳምንት በኳስ ሜዳው ማቆሚያ ተለማመዱ፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ዴስ ይጮኻል፦ «ቁረጪ! ቁረጪ አልኩሽ! መልሺ! ኧረ መልሺ!» በሁለተኛው ቀን ግሌኒስ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ይዛ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እሱን ተሳፋሪ ወንበር ላይ ትታው። አንድ ሰዓት ሙሉ አላፊ አግዳሚው እጁን እያውለበለበ ሰላምታ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ብርቱካን መላጥም ጀመረ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ፍሬ ከልጣጩ ጋር ይሄዳል፣ እሷ ግን የደረሰላትን ትበላለች።

በአራተኛው ሳምንት ተነሡ። መንገዱን ቀጥ አድርጋ ነዳች። ዴስ ከጎኗ ሆኖ በባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይረግጥ ነበር፤ አይታ እንዳላየች አለፈችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴዱና ከተማ ደርሰው ተሳቢዎች ከሚያርፉበት ግቢ ገቡ። ግቢው ሙሉ ነው፤ የቀረችው ቦታ በዛፍና በውሃ ቧንቧ መካከል ያለች ጠባብ ናት። ወደ ኋላ ካልሆነ አትገባም። ቀድመው የደረሱት ሽማግሌዎች ታጣፊ ወንበራቸውን ወደነሱ አዙረው ቢራቸውን ከፈቱ፤ አዲስ መጪ ወደ ኋላ ሲያስገባ ማየት የማታው መዝናኛቸው ነው። ባል ይነዳል፣ ሚስት ከኋላ ቆማ እጇን ታውለበልባለች፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሌላው ይስቃል።

«እዩማ፣ ዛሬስ ተገላብጦ ነው የመጣው!» አለ አንዱ።

ዴስ ወርዶ ከኋላ ቆመ። እጆቹን አነሣ። እጆቹ ግን የራሳቸውን ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ግራ ሲል ይርገበገባሉ፣ ቁሚ ሲል ይርገበገባሉ። ግሌኒስ ትንሽ መጣች፣ ቆመች። ትንሽ መጣች፣ ቆመች። አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ዴስ፣ ግራ ነው ቀኝ? ነይ ነው ሂጂ? አልገባኝም እኮ!»

ወንበሮቹ ላይ ሳቁ። ከዚያ እጆቹን ልብ ብለው ማየት ጀመሩና ሳቁ ባንድ ጊዜ ጠፋ፤ ያ ከሳቁ ይብስ ነበር። አንድ ሰውዬ ቢራውን አስቀምጦ ተነሣ። «እመቤት፣ እኔ ላስገባልሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ ባል አለኝ» አለች ግሌኒስ።

የዴስ ፊት ቀላ። ለአፍታ ሁሉን ትቶ መሄድ አማረው፤ ወደ ኒልም፣ ወደ የትም። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ቀስ እያለ ሄዶ የተሳቢዋ የኋላ ጥግ መድረስ ያለበት ቦታ ላይ፣ ከዛፉ አንድ እርምጃ ወዲህ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ግሌኒስ» አለ፤ አልጮኸም። «እጄን ተይው። ወዳለሁበት ነይ።»

ግሌኒስ በስፖኪዮው አየችው፤ ማርሹን አስገባችና ቀስ ብላ ወደ እሱ መጣች።