ከሳንጃ የመጣች ቢላ

ባለቤቴ ሙላት ከማረፉ በፊት በነበረው ቅዳሜ አብረን ዓሣ ሠራን። እሱ ቅርፊቱን ፋቀ፣ እኔ አጠብሁ። የፋቀባት ቢላ በደርግ ጊዜ ልታሳስረው የነበረችው ያችው ናት። ዛሬም ሳያት በኀዘኔ መሐል ታስቀኛለች።

ሙላት ወታደር ነበር። ግንባር ላይ ሁሉም ሳንጃውን እንደ ፍላጎቱ ያበጀው ነበር አሉ፤ አንዱ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ አንዱ መቆፈሪያ። የእኔው ሰው ሆዱን ይወዳል። ጫፉን አሳጠረ፣ የጀርባውን ጥርስ ሞርዶ አጠፋ፣ የወይራ እጀታ አገባበትና የሽንኩርት ቢላ አደረገው። ቆስሎ ሲሰናበትም ሳያስረክብ በከረጢቱ ይዞት መጣ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቤት ለቤት ፍተሻ መጣ። የጦር መሣሪያም ሆነ የሠራዊቱ ዕቃ የተገኘበት እንደሚታሰር ቀበሌው አስቀድሞ ለፍፏል። ዓባይ ማዶ ከነበረው ግቢያችን አንድ አሥር አለቃ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ሲገባ፣ እኔ በዚያች ቢላ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየፋቅሁ ነበር፤ ሙላትም ከጎኔ ተቀምጧል። መደበቂያ ጊዜ አላገኘሁም።

ወታደሮቹ ውስጥ ገብተው ፍራሽ ሲገለብጡ አሥር አለቃው አጠገቤ ቆመ። ቢላዋን ተቀበለኝና ስለቷን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

«ስለታም ናት። ከየት የመጣች ናት፣ እህት ዓለም?»

ከገበያ ልል ነበር። ምላሴ ቀደመኝ።

«ከሳንጃ» አልሁ።

ሙላት ፊቱ አመድ መሰለ። የአሥር አለቃው ጥርስ ግን ተገለጠ።

«ከአርማጭሆ ሳንጃ? እኔስ የዚያው ከተማ ልጅ አይደለሁ? የአገሬ ብረት መሆኑን በስለቱ አውቄዋለሁ። ባለእጁ ማን ይባላል?»

«ስሙን አልያዝሁትም» አለ ሙላት፣ ነፍሱ መለስ ስትል። «መልከ መልካም ሰው ነው።»

አሥር አለቃው አንድ ቆሮሶ ራሱ ፍቆ ሞከራትና መለሰልኝ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ሙላት በሩን ዘጋ። ከዚያ፣ «አንች፣ ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ከየት ልትይው ነበር?» አለኝ። እስኪያረጅ ድረስ ቢላዋ በጠፋች ቁጥር «ሳንጃ ማን ሄደ?» እያለ ቤቱን ይዞር ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቆሮሶ እገዛለሁ። ቢላዋን ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ እስላታለሁ፤ ቅርፊቱንም እኔው እፍቃለሁ።