መዶሻውና እርሳሱ

አናጺው መሮውን በቀኝ እጁ ያቆምና በግራው በመዶሻ ኳ ኳ ያደርጋል። ፍቅፋቂውን እፍ ይልና እንጨቱ ላይ የጠረበውን የፊደል ቦይ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ቦዩን በጣቱ ይከተላል፤ ጣቱን የሚይዘው ነገር ከሌለ ሥራው አልቋል።

እናትየው አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። የሰባት ዓመት ልጇ እርሳስ ካልነካች ሁለት ወር ሆኗታል፤ ደብተር ስታይ ታለቅሳለች። መጻፍ ላቃታቸው ልጆች ፊደል የሚጠርብ ሰው አለ ሲሏት ነው ይዛት የመጣችው። ሰውዬው ገና ሲገቡ፣ «የኔ እመቤት፣ ከሁሉ ነገር ምን ትወጃለሽ?» ብሎ ልጅቷን ጠየቃት።

«የአያቴን መነጽር።»

ስለዚህ «መ»ን ጠረበላት።

«እንዴ! ራሱ መነጽር ይመስላል!» ልጅቷ ሳቀች፤ የግራ ጣቷን ቦዩ ውስጥ ከታ መንዳት ጀመረች። እናትየው እንደ ልማዷ ግራውን አንስታ የቀኝ ጣቷን አስገባችላት። ሳቁ ቀጥ አለ።

አናጺው እንጨቱን ተቀብሎ ገለበጠው። ከእንጨቱ ጀርባ የልጅቷን ስም ሊጽፍ ከጆሮው ላይ እርሳስ በግራ እጁ አወረደና ለቀኙ አቀበለው። ያ ሁሉ ጥበብ የት እንደገባ እንጃ፣ ጽሑፉ የጀማሪ ልጅ ሆኖ ወጣ።

እናትየው ጽሑፉንም እጆቹንም አየች። «እርስዎም ግራኝ ነዎት እንዴ?»

«ለመዶሻው አዎ» አለ፣ የግራ አንጓውን እያሻሸ። «ለእርሳሱ በልጅነቴ ግራዬን እያሰሩ ገርተውኛል።»

እንጨቱን ለልጅቷ በግራ እጇ አስያዛት።

«እባክሽ እህቴ፣ ይህቺን እጇን ተይላት።»