የባሌ እህት ኤሊዎች

የባሌ ታላቅ እህት ሁለት ትንንሽ ኤሊዎች በካርቶን ይዛ ከአዳማ እኛ ቤት ሁሩታ ድረስ መጣች። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን አልልም። ዓይኗን ልትታከም አዲስ አበባ መሄዷ ነበር።

"ብርድ አይችሉም። ይህ አምፖል እንዳይጠፋ" አለችኝ። ባለ መቶ ሻማ ነው።

"ለምን እኔ ዘንድ አመጧቸው፣ እትዬ? እጅሽ በረከት የለውም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

"ኧረ ተይ! እስከ ዛሬ ይዘሽው ኖረሻል?" ብላ ሳቀች።

ይዤው ኖሬያለሁ። በተጋባን ዓመት ሰላሳ ጫጩቶች በአምፖል አሳድግ ነበር። እሷ በእንግድነት መጥታ ባደረች ማግስት ጥግ ላይ ተከምረው ሞተው አገኘኋቸው። ከክፍል ስትወጣ መብራት ማጥፋት ልማዷ ነው። ባሌ ስታጠፋ አይቷት ነበር፤ ለእኔ የነገረኝ ግን ከስንት ዓመት በኋላ! ያን ዕለት ቁርስ ላይ ስለ እጄ የተናገረችው አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ አሁን ኤሊዎቹን ማምጣቷም ይቅርታ ይሁን ወጥመድ፣ አልገባኝም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ የለም። ለጫጩት የማውቀውን አደረግሁ፤ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገባቸው አኖርኩ። ጫጩት ግን ይናገራል፤ ሲበርደው ይንጫጫል፣ ሲሞቀው ይሸሻል። እነዚህ አንገታቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። ጠርሙሱን አቀረብኩ። ቀቀልኳቸው ይሆን ብዬ አራቅሁት። መልሼ አቀረብኩ።

ጎረቤቴ ብቅ ብላ አየቻቸው። "ሞተዋል እኮ፣ ምን ያደክምሻል?"

"አልሞቱም" አልኳት። አላወቅሁም። ከሞቱ የባሌ እህት ምን እንደምትል ግን አውቅ ነበር።

ቀትር ላይ ውሃው ቀዘቀዘ፤ ከሰሉም ረጥቦ አልያያዝ አለኝ። ሁለቱንም ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ፣ ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ። ደረቴ ላይ የወንዝ ድንጋይ ያስቀመጥኩ መሰለኝ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጥፍር ቧጨረኝ። ቆየት ብሎ ሌላው ተንቀሳቀሰ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። የማንን ኤሊ ነው እንዲህ የማቅፈው?

መብራት በማግስቱ መጣ። እሷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር መነጽር አድርጋ ተመለሰች።

"መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ።"

"ጠፍቶ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይኸው፣ በሕይወት አሉ።"

አንድ ቃል ጠበቅሁ። ካርቶኑ ላይ አጎነበሰች። "ትንሽ ከስተዋል" አለች።

ምሳ ቀርቦ ስለነበር ወደ ሳሎን ልንሄድ ተነሣን። በሩ ላይ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ነካውና ቆመ። ወደ እኔ ዞረች። ከመነጽሩ ጀርባ ዓይኗ አይታየኝም።

"ይብራ አይደል?" አለችኝ።

"ይብራ" አልኩ። እትዬ ማለቱን ረሳሁት።