ከቅጠል ጋር የተጣላው ኬሚስት

የቤተ ሙከራው ብልቃጥ አጣቢ ኬሚስቱን «ዓይንህን ላፈር» ካለችው ቆይታለች። ቅጠል ከፀሐይና ከውሃ ምግቡን እንደሚሠራ፣ እሱም ከእነዚሁ ነዳጅ ለመሥራት ሃያ ስድስት ዓመት ሲታገል፣ አንድ ቀን «እንደምን አደርሽ» ብሏት አያውቅም። ነጭ ጋውኑ በአሲድ ተበሳስቷል። በመስኮቱ የሚገባውን ሐረግ እየቀነጠሰ፣ «ይኼ ያልተማረው እንኳ ይችለዋል!» እያለ ይነጫነጫል።

ዛሬ ጠዋት ሲገባ፣ ለሳምንት የነዳጅ ጋዝ ሲያወጣለት የከረመው የሙከራ ቱቦ አረፋ ማውጣቱን አቁሟል።

«ማነው የነካው?» ብሎ አጣቢዋ ላይ አምባረቀባት።

«እኔ አጠገቡም አልደረስኩ!» አለች፣ ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀምጣ።

ኬሚስቱ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው ነክተሽው በሆነ!» አላት። «የማላክክበት ሰው አገኝ ነበር።»

 ባልዲዋን አንስታ ወጣችና በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችበት።