እሁድ ማታ አንድ ሰዓት

የቴሌቪዥን ፕሮግራሜ ከእሁድ ማታ አንድ ሰዓት ተነሥቶ ወደ ረቡዕ ቀን ስምንት ሰዓት እንዲዛወር መወሰኑን የሰማሁት ስብሰባ ላይ፣ እንደ ማንኛውም ባልደረባዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የፕሮግራም ክፍል ኃላፊያችን ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ፣ ጎንደር ቅርንጫፍ የምንሠራውን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ሰንጠረዥ አበራብን። የእያንዳንዱ ፕሮግራም ተመልካች በአንድ አንድ ዘንግ ተስሏል። ዜናው ረጅም ዘንግ አለው፤ ስፖርቱ ከዚያም የረዘመ። ከሁሉም ግርጌ ጥፍር የምታክል ዘንግ ነበረች።

«ይቺ ያንቺ ናት» አለኝ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም፤ ባየው ኖሮ ያን ቀን ከሥራ እባረር ነበር።

ፕሮግራሙ ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ ሥራው ይናገራል፤ ሌላ ነገር የለውም። ከዛሪማ ሞፈር ጠራቢ፣ ከአይከል በኩል ማር ቆራጭ፣ ለከተማው ቅርብ ከሆነ መንደር ደግሞ ጭቃ ማቡካቱን እስራኤል ከገቡት የድሮ ጎረቤቶቿ የተማረች ሸክላ ሠሪ አቅርቤያለሁ። የምተርከው እኔ ራሴ ነኝ፤ ሰዎቹ ግን የሚናገሩት በገዛ አፋቸው ነው። አንድ ጊዜ «ንግግራቸው ለከተማ ተመልካች ስለሚከብድ ከሥር ጽሑፍ ይግባበት» የሚል ትእዛዝ መጥቶልኝ ነበር። አማርኛን በአማርኛ ልተረጉም! እምቢ አልሁ። ያኔ የተያዘብኝ ቂም ይመስለኛል አሁን ዘንግ ሆኖ የመጣው።

የተመልካቹ ጥናት የተሠራው በስልክ ነው። ቤትዎ ቴሌቪዥን አለ ወይ፣ እሁድ ማታ አንድ ሰዓት ምን ያያሉ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምታዩት ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ይደመርና ዘንግ ይሆናል። በእኔ ቦታ የሚገባውም ታውቋል፤ ከንፈሯን በወጉ ተቀብታ ከእንቅልፏ የምትነቃ ሴት ያለችበት የውጭ ተከታታይ ድራማ፣ በአማርኛ ድምፅ ተገልብጦ።

«ረቡዕ በስምንት ሰዓት ደገኛ ቤቱ የሚገኘው ከታመመ ብቻ ነው» አልሁ። «ጾም ነው። ቅዳሴ የሄደው አልተመለሰም፤ ያልሄደው ማሳው ላይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ነው እንዴ የስርጭት ሰዓት የሚደለድለው?»

«ያንቺ ደገኞች እሁድም አያዩሽም እኮ» አለኝ ኃላፊው፣ ረጋ ብሎ። «ጥናቱ የሚለው እሱን ነው።»

ይህ አመመኝ። በሰዓቱ ብቻ ቢሆን እከራከር ነበር። ማንም አያይሽም መባል ግን ሌላ ነገር ነው። ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሆስፒታል በነርስነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ሰውን ለማስደሰት ብላ አትዋሽም። «ልጄ፣ እኔም ድራማው ይሻለኛል» አለችኝ። «ያንቺዎቹ ወሬ ከጀመሩ ቶሎ አያልቅላቸውም።» እራት ሳልበላ ተኛሁ።

የሚቀጥለው ሳምንት ጉዞ ቀድሞ የተያዘ ነበር። ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ አንድ መንደር፣ በቅሎ የሚገራ ሰው ልንቀርጽ ነው። ካሜራ ባለሙያውና ሹፌሩ ከእኔ ጋር ነበሩ። ከደባርቅ በኋላ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ግን እኔን ያንቀጠቀጠኝ ንዴቱ ነው። ቀረጻው እሁድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ለመመለስ ግን መሽቶብናል። እደሩ ብሎ ቤቱ ያስገባን በዕድሜ የገፋ ገብስና ድንች አራሽ ነው። የመንደሩ ብቸኛ ቴሌቪዥን ያለው እሱ ቤት ነበር።

ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹንና ሶላሩን የገዛው በቅሎውን ሸጦ ነው። ሚስቱ ነገሩን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም። መንደርተኛውም አልረሳለትም፤ ቴሌቪዥኑን «በቅሎዋ» ነው የሚላት። በደመና ቀን አልበራ ስትል «ዛሬ በቅሎዋ ለገመች» ይባላል። ጎታው ላይ ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ነጠላው አይነሣም። ባትሪው ከአንድ ምሽት አያልፍምና፣ ለእሁድ ማታ ይቆጠብላታል።

ጀንበር ስትጠልቅ ሰው መምጣት ጀመረ። ወንዱ ለምድጃው አንድ አንድ ፍልጥ እንጨት ይዟል፤ ሴቱ በመሐረብ ቆሎ ቋጥሯል። አሮጊቶቹ መደቡ ላይ፣ ጎልማሶቹ መሬቱ ላይ፣ ቦታ ያጣው በሩ ላይ። አንድ ሰዓት ሲሆን ባለቤትዬዋ ነጠላውን አነሣች። የፕሮግራሜ ሙዚቃ ተሰማ፤ ከዚያ የገዛ ድምፄ። አንድም ሰው ወደ እኔ አልዞረም፤ ሁሉም ወደ በቅሎዋ ነበር። የዚያ ሳምንት ባለ ታሪክ የዛሪማው ሞፈር ጠራቢ ነበርና መደቡ ላይ ያሉ ሽማግሌ አላስችል አላቸው።

«ኧረ ወዲያ! እንዲህ ተደርጎ ሞፈር ይጠረባል?»

«አያ፣ ዝም በሉ እስቲ፣ ይጨርስ!»

«የሚጨርሰውማ እንጨቱን ነው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ባንድ በኩል ከሽማግሌው ጋር የተሰለፈ አለ፤ በሌላ በኩል ከዛሪማው ሰው ጋር። የሠራሁት ነገር እንዲህ ሲታይ አይቼ አላውቅም ነበር። ጨለማው ውስጥ አለቀስሁ፤ ካሜራ ባለሙያው አየኝና ጭሱ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ሲያልቅ አላስቻለኝም፤ ነገርኋቸው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ እሁድ የለም፤ ረቡዕ ቀን ስምንት ሰዓት ነው አልሁ።

«ምነው?» አለ የቤቱ ባለቤት።

«የሚያየው ሰው የለም ተብሎ ነዋ፣ አያ።»

በመጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ አሰብ አድርጎ፣ «ደውለውልኝ ነበር እኮ» አለ። «አንዲት ልጅ ናት፣ ሸጋ አንደበት ያላት። ምን ታያላችሁ አለችኝ፣ ይሄንኑ አልኋት። ስንት ሁናችሁ ነው የምታዩት አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«እኔና ባለቤቴ አልኋት።»

«አያ! ይሄ ሁሉ ሰውስ?»

«ይሄማ እንግዳ ነው» አለኝ፣ በእኔ አለማወቅ ተገርሞ። «እንግዳ ይቆጠራል እንዴ?»

ሚስቱ ከምድጃው በኩል ጨመረችበት። «ቤት የገባን ሰው ቆጥሮ፣ ይሄን ያህል መጣብን ብሎ ለማያውቁት መንገር! ምን ይሉናል?» ያ ሁሉ ታዳሚ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ሰው እንኳ ስህተት ተሠራ ብሎ አላሰበም።

ያቺ ጥፍር የምታክል ዘንግ ከምን እንደተሠራች ያኔ ገባኝ። ከጨዋነት ነው። በቅሎዋ በየመንደሩ ስንት ቦታ እንዲህ ነጠላ ተከናንባ እንደምትጠብቅ፣ ባለቤቷም ለሸጋዋ ልጅ እንዴት «እኔና ባለቤቴ» እንደሚል ታየኝ። ተናደድሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከኃላፊው ይልቅ በዚህ ደግ ሰውዬ ተናደድሁ።

«አያ፣ በአንቱ ጨዋነት እኔ ልቀበር ነው!» አልሁት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ለካሜራ ባለሙያው ተነሥ አልሁት፤ ቤቱን እንዳለ እንዲቀርጽልኝ። ገና ካሜራውን ትከሻው ላይ ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ በሩ አጠገብ ያለች ባሏ የሞተባት ሴት የተቀደደ ኩታዋን ወደ ውስጥ አጠፈች። የቤቱ ባለቤት መጥቶ እጁን የካሜራው መነጽር ላይ አሳረፈ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሊያዩ ነው የመጡ። ሊታዩ አልመጡም።»

እሺ ብዬ ተቀመጥሁ። ግን ልቤ አላረፈምና በዓይኔ ከመደቡ ጫፍ ጀምሬ መቁጠር ያዝሁ። ትንሽ እንደሄድሁ ዓይኔ ከባለቤትዬዋ ዓይን ጋር ተጋጨ። አወቀችብኝ። እኔም መቁጠሩን ተውሁት።

ጎንደር ተመልሼ፣ ኃላፊውን በስልክ አገኘሁትና ያየሁትን ሁሉ ተረክሁለት።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አልቆጠርሁም።»

«ቪዲዮስ?»

«አልቀረጽሁም።»

«ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«አይቼ መጣሁ።»

«ያንቺን ዓይን ሰንጠረዥ ላይ ላወጣው አልችልም» አለኝ። «ወይ ረቡዕን ትቀበያለሽ፣ ወይ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ለወደፊቱ ጥናቱ ሲደገም ደግሞ እናያለን።»

ረቡዕን ተቀበልሁ። እናቴ ስትሰማ «ጎበዝ፣ ዕድሜ ለብልህ» ዓይነት ነገር ተናገረችኝ፤ የተሸነፍሁ መስሏት ነው። እኔ ግን ረቡዕን የተቀበልሁት የራሴን ነገር አስቤ ነው። ጣቢያው የራሱን ሰዓት ይደልድል፤ የደጋውን ሰዓት ግን ጣቢያው አልሰጠውም፣ ጣቢያውም አይወስደውም። ረቡዕ ፕሮግራሙ እንደተላለፈ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ወደ መናኸሪያ ወረድሁ። ለደባርቅ ሾፌር ሰጠሁት፤ እሱ ለመካነ ብርሃን የጭነት መኪና ይሰጠዋል፤ ከዚያ የገበያ ሰው ይዞት ይወጣል። እሁድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባለቤትዬዋ ነጠላውን ስታነሣ፣ ከበቅሎዋ ጎን ፍላሹ ተሰክቷል። መንገድ ሲዘጋ ያለፈውን ደግመው ያያሉ፤ በሞፈሩም እንደገና ይጣላሉ።

ወሬው ኃላፊው ጆሮ ደረሰ። ደወለልኝ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«እናንተ በአየር የበተናችሁትን እኔ በኪስ ብልከው ምን አጠፋሁ?» አልሁት። «ከመተላለፉ በፊት አልላክሁት። ረቡዕ ላይ ያስቀመጣችሁት እናንተ፤ እሁድ የሚያዩት እነሱ።» ስልኩን እሱ ይዝጋው እኔ፣ አሁን ትዝ አይለኝም።

ክረምቱ አልፎ፣ ጥናቱ ተደገመ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ የቤቱ ባለቤት ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ነበርና ነፋሱ ከድምፁ ጋር አብሮ ይሰማል።

«ያች ልጅ ደወለች» አለኝ። «ስንት ሁናችሁ ነው የምታዩት አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ቁጥር አልነገርኋትም። እኛ ከብትም አንቆጥር። በስም ነው የነገርኋት።»

ከመደቡ ጫፍ ጀምሮ፣ ሁሉንም በየስማቸው ጠርቶላታል። በሞፈሩ የተከራከሩትን ሽማግሌ ከነአባታቸው ስም፣ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ በሩ ላይ የሚቆሙትን፣ ከማዶ መንደር ወንዝ ተሻግረው የሚመጡትን። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የሰጠው ለእሷ ነው። ልጅቷ መሐል ላይ «አባባ፣ ቁጥሩ ብቻ ይበቃኛል» ብላው ነበር። «ቁጥሩን እኔ አልሰጥ፣ አንች ከፈለግሽ ከስሙ አውጭው» አላት። ሸጋ ልጅ ናትና እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ምን ብላ ጻፈችው?» አልሁት።

«እኔ ምን አውቄ! ግን አንድ ሰው አላስቀረሁ። መጀመሪያ የቤቱን ሰው ነገርኋት፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አንች። ከዚያ እንግዳውን በስም በስም።»

«እኔን ምነው፣ አያ? እኔ እኮ ጎንደር ነኝ!»

«ድምጥሽ እሁድ እሁድ ከዚህ ነው የሚሰማ» አለኝ። «አንችማ እንግዳ አይደለሽ።»

ነፋሱ በረታ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አዲሱ ሰንጠረዥ ሲመጣ እንደገና ተሰበሰብን። ለስም የተዘጋጀ ቦታ አልነበረውም፤ የቤቱ ሰው ብቻ ነው የተደመረው። ኃላፊው ወደ ግርጌ አመለከተና «ያንቺዋ ያው ናት» አለኝ።

«ያው አይደለችም» አልሁት። «ሁለት የነበረበት አንድ ቤት አውቃለሁ፤ አሁን ሦስት ነው።»

«ሦስተኛው ማነው?» አለ፣ እየሳቀ።

«እኔ ነኝ» አልሁትና ፍላሹን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ።